ስለ መቀመጫ ማልበስና ስለ ቤት ማስጌጥ ሙያ አጭር ታሪክ

የሰው ልጅ በዚህ ዓለም ለመኖር ምግብ፥ ልብስና መጠለያ እንደሚያስፈልጉት ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ነገር ግን ሰው ልብስ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ቤትም ልብስ ያስፈልገዋል። ግድግዳና ጣራ ብቻ ያለው ቤት ከዝናብና ከብርድ ያድናል እንጂ የደከመውን አያሳርፍም፥ እንግዳውንም አያከብርም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ግድግዳውን ከሚያቆመው ግንበኛና በሩን ከሚገጥመው አናጢ ቀጥሎ፥ መቀመጫውን የሚያለብስ፥ ፍራሹን የሚሞላና መጋረጃውን የሚሰቅል ሌላ ባለሙያ አስፈልጓል። በከተሞቻችን ይህን ሰው አንዳንዶቹ «ሶፋ ሠሪ»፥ ሌሎቹም ከኢጣልያንኛ በተወረሰው ቃል «ታፔሴሪያ» ይሉታል።

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ነገሥታት ዙፋን ብዙ ይነግሩናል፤ ዙፋኑን ማን እንዳለበሰው ግን እምብዛም አይጽፉም። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎችም ዘንድሮ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ «ለመሆኑ ምን ልትሆኑ ታስባላችሁ?» እያለ ይጠይቀናል። መልሱ ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ ጠበቃ ወይም አውሮፕላን ነጂ የሆነ እንደሆነ ጠያቂው ደስ ይለዋል። ወንበር ማልበስ እወዳለሁ የሚል ተማሪ ቢገኝ ግን ቤተ ሰቡ «ለዚህ ነው ወይ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርንህ?» ማለቱ አይቀርም። እንግዲህ ይህ ሙያ ከየት መጣ? ምን ዓይነት ዕውቀትስ ይጠይቃል? የተማረ ሰው ቢይዘውስ ያሳፍራልን? ለነዚህ ጥያቄዎች ታሪክን ምስክር አድርገን መልስ ለመስጠት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። የውጭ አገሮችን ታሪክ ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር (እ.ኤ.አ.)፥ የአገራችንን ግን በራሳችን አቈጣጠር (ዓ.ም.) ጽፈናል።

በጥንት ዘመን

በግብፅ አገር በጊዛ እ.ኤ.አ. በ1925 የንጉሥ ኩፉ እናት የንግሥት ሔቴፌሬስ መቃብር በተገኘ ጊዜ፥ ከአልጋዋና ከወንበሯ ጋር በወርቅ የተለበጠ የመጋረጃ ማቆሚያ ዐብሮ ተገኘ። ንግሥቲቱ በዚህ ማቆሚያ ዙሪያ መጋረጃ አስጋርዳ ትተኛ ነበር። ጨርቁ በዘመን ብዛት ጠፍቷል፤ መጋረጃው ይሰቀልበት የነበረው መንጠቆ ግን ከአራት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ እስከ ዛሬ ይታያል። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ብረት፥ ድንጋይና ወርቅ ይቈያሉ፤ ጨርቅ፥ ላባና ጠጕር ግን ይበሰብሳሉ። ስለዚህ የቤት አልባሽ ሥራ ከሌላው ባለሙያ ሥራ ይልቅ ፈጥኖ ይጠፋል፥ ስሙም ከሥራው ጋር ይረሳል።

ቅዱስ መጽሐፍ ግን ስማቸውን ያልረሳቸው ባለሙያዎች አሉ። በኦሪት ዘጸአት እንደምናነበው፥ ደብተራ ድንኳን በተሠራ ጊዜ እግዚአብሔር በጥበብ ሞልቶ የጠራቸው ከይሁዳ ነገድ ባስልኤል፥ ከዳንም ነገድ ኤልያብ ነበሩ። ባስልኤል በወርቅ፥ በብርና በናስ፥ በእንጨትም ሥራ የሠለጠነ ሲሆን፥ ኤልያብ ደግሞ በሰማያዊ፥ በሐምራዊና በቀይ ግምጃ የሚጠልፍ ነበር። የመጋረጆቹ ልክ እንኳ ሳይቀር ተጽፏል፤ የእያንዳንዱ የበፍታ መጋረጃ ርዝመት 28 ክንድ፥ ወርዱም 4 ክንድ ነው። ከበላዩ የፍየል ጠጕር መጋረጃ፥ ከዚያም በላይ ቀይ የተቀባ የአውራ በግ ቁርበት ይደረብበታል። በአዲስ ኪዳንም ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር። በገማልያል እግር ሥር የተማረው ሰው መርፌና ክር መያዙን ካላፈረበት፥ እኛ የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው?

የለንደን አልባሾችና የተሰወረው ነገር

ይህ ሥራ እንደ ሙያ ተቈጥሮ ማኅበርና ሕግ ካገኘባቸው ከተሞች አንዱ ለንደን ነው። የለንደን አልባሾች ማኅበር ታሪኩን ከእ.ኤ.አ. 1360 ጀምሮ ይቈጥራል፤ በ1626ም ከንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ የመቋቋሚያ ደብዳቤ ተቀብሏል፤ ዛሬም አለ። በመጀመሪያው ዘመን አባሎቹ አዲስ ዕቃ የሚሠሩ ብቻ ሳይሆኑ፥ አሮጌ የቤት ዕቃና ልብስ እየገዙ እያደሱ የሚሸጡ ጭምር ነበሩ።

የዚህ ሥራ ዋና ጠባይ ከሌሎች ሥራዎች የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ግንበኛ የሠራውን ግንብ ሁሉም ያየዋል፤ ሸማኔም የሠራውን ጥበብ ገዥው በእጁ ዳስሶ፥ ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመረምረዋል። ፍራሽና ትራስ ግን ከተሰፋ በኋላ በውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነው። በአገራችን «ውስጡን ለቄስ» የሚባለው አነጋገር እንደዚህ ያለውን ነገር ሳያመለክት አይቀርም።

የእንግሊዝ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1495 በንጉሥ ሄንሪ ሳብዓዊ ዘመን ያወጣው ሕግ ይህንኑ የተሰወረ ነገር የሚመለከት ነው። ሕጉ የላባ ፍራሽና ትራስ ለሽያጭ የሚያወጣ ሰው በደረቁ በተነጨ ንጹሕ ላባ ብቻ እንዲሞላው ያዛል። በፈላ ውኃ ተዘፍዝፎ የተነጨ ላባ፥ የፈረስና የፍየል ጠጕር፥ በኖራ የታጠበም ጠጕር ቀላቅሎ መሸጥን ይከለክላል። የተሰጠውም ምክንያት፥ እንደዚህ ያለው ነገር የተኛበትን ሰው ሙቀት ባገኘ ጊዜ ክፉ ሽታ የሚያወጣ መሆኑ ነው። ሰው ለገዛ ቤቱ ሲሆን ግን የፈለገውን እንዲሞላ ሕጉ ፈቅዶለታል። ሕጉ የተቈጣው ቀላቅሎ በመሙላቱ ሳይሆን፥ ያንን ሰፍቶ ለማያውቅ ገዥ በመሸጡ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ከጊዜ በኋላ የለንደን አልባሽ ሥራው ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ1747 ካምቤል የተባለ ጸሐፊ ስለ ለንደን የእጅ ሥራዎች ባሳተመው መጽሐፍ፥ ቤት ለማስጌጥ ለሚፈልግ ሰው ዋናው ወኪል አልባሹ እንደ ነበረ ገልጿል። አልባሹ ወንበሩንና አልጋውን ካለበሰ በኋላ፥ አናጢውን፥ መስተዋት ሠሪውን፥ እንጨት ቀራጩንና ሌላውንም ባለሙያ እያሠማራ ቤቱን በሙሉ አሰናድቶ ለባለቤቱ ያስረክብ ነበር። ዛሬ የቤት ውስጥ አስጌጭ የምንለው ሙያ የተወለደው ከዚህ ነው።

በአናጢነቱ በዓለም የታወቀው ቶማስ ቺፐንዴል የዚህ ዘመን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1718 ተወልዶ በ1754 የወንበርና የቁም ሣጥን ንድፎች የያዘ ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ብዙ ሰው እርሱን የሚያውቀው በእንጨት ሥራው ሲሆን፥ የመኳንንቱን ቤት ሲያሰናዳ ግን መጋረጃውን፥ ምንጣፉን፥ የግድግዳ ወረቀቱንና ፍራሹን ጭምር የሚያቀርበው እርሱ ነበር። ከ1767 ጀምሮ ያሰናዳው የሄርውድ ቤት ከነዕቃው እስከ ዛሬ ይጐበኛል። ነገር ግን መኳንንቱ በሠራላቸው ወንበር ተደላድለው እየተቀመጡ፥ ዋጋውን ለብዙ ጊዜ ሳይከፍሉ ያስጠብቁት ነበር፤ ክፍያ የሚለምንባቸው ደብዳቤዎቹ ዛሬም አሉ። ልጁ ሥራውን ከወረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1804 ከሰረ። ስለዚህ ታሪኩ ክብርን ብቻ ሳይሆን፥ ሠራተኛ ደመወዙን በጊዜው ካላገኘ ትልቅ ስም እንኳ እንደማያድነው ያስተምረናል።

በፈረንሳይ አገር

በፈረንሳይ አገር አልባሹ «ታፒስዬ» ይባላል፤ በቤተ መንግሥትም የታወቀ ማዕርግ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1631 ዣን ፖክለን የተባለ የፓሪስ ነጋዴ የንጉሡ አልባሽነትን ሹመት ገዛ። በ1637 የበኵር ልጁ ሹመቱን እንዲወርስ መሐላ ፈጸመ። ይህ ልጅ ግን መዶሻና መርፌውን ትቶ ወደ ቴአትር ሄደ፤ እርሱም ዓለም ሞልዬር ብሎ የሚጠራው ታላቁ የኮሜዲ ደራሲ ነው። ሹመቱን ለወንድሙ ለቆ ከቈየ በኋላ፥ ወንድሙ በ1660 ሲሞት መልሶ ያዘው፤ በ1673 እስኪሞትም ድረስ የንጉሡ አልባሽ የሚለው ማዕርግ ከስሙ ጋር ነበር። የአባቱ ሙያ ደራሲውን እንዳላሳነሰው ልብ እንበል።

ሉዊ ዐሥራ አራተኛ ሲነግሥ ደግሞ ሚኒስትሩ ኮልቤር በፓሪስ የጎብለንን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1662 ለመንግሥት ያዘ፤ ሥዓሊው ሻርል ለ ብረንም አለቃ ሆኖ ተሾመ። በዚያ የግድግዳ ምንጣፍ ሸማኔዎች፥ አንጥረኞችና አናጢዎች በአንድ ግቢ ዐብረው ይሠሩ ነበር። የንጉሡ ቤተ መንግሥት ውበት የፖለቲካ መሣሪያ ሆነ፤ ከውጭ አገር የመጣ መልእክተኛ ገና ንጉሡን ሳያይ በመጋረጃውና በምንጣፉ ይደነቅ ነበርና። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ሐርና ወርቅ የመጣው ከገበሬው ግብር መሆኑን ታሪክ ጸሐፊ ሊሰውረው አይገባም። ለአንድ ቤት ብቻ የሚሆን ውበት ለብዙ ቤት ሸክም ይሆናል።

ስለ ሞላና ስለ ስፖንጅ

እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ድረስ የመቀመጫ ምቾት የተመሠረተው በፈረስ ጭራ፥ በሱፍ፥ በላባና በገለባ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 በቪየና ከተማ፥ በ1828ም በለንደን የተጠማዘዘ የብረት ሽቦ በመቀመጫ ውስጥ ስለ ማግባት የፈጠራ መብት ተሰጠ። ይህ ሽቦ በእኛ ዘንድ ሞላ የሚባለው ነው። ሞላው ከገባ ወዲህ ወንበሩ ወፈረ፥ ሰፋም፤ ዛሬ የምናውቀው ሶፋ መልኩን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

በሃያኛው ምዕት ዓመት ደግሞ ኬሚስቶች ወደ አልባሹ ሱቅ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1929 በእንግሊዝ አገር በደንሎፕ ኩባንያ ከጎማ ፈሳሽ አረፋ ተሠራ። በ1937 ኦቶ ባየር የተባለ የጀርመን ኬሚስት የፖሊዩሬቴንን አሠራር አገኘ፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮም ከዚሁ የተሠራው ስፖንጅ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ስፖንጅ ርካሽ፥ ቀላልና በመቀስ ወይም በቢላዋ የሚቈረጥ ስለሆነ፥ ከዚህ ቀደም ሶፋ ለመግዛት አቅም ያልነበረው ሕዝብ ሁሉ ሶፋ ሊያገኝ ቻለ። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው።

ዳሩ ግን የጥንቱ ጥያቄ፥ ማለት «በውስጡ ምን አለ?» የሚለው፥ በአዲስ መልክ ተመልሶ መጣ። በግንቦት ወር 1979 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ከተማ በአንድ ትልቅ መደብር የቤት ዕቃ ክፍል እሳት ተነሣና 10 ሰዎች ሞቱ። ስፖንጁ ሲቃጠል ፈጥኖ ይነዳል፤ የሚያወጣውም ጥቁር ጢስ መርዝ ስለሆነ ሰው ነበልባሉ ሳይደርስበት ይታፈናል። በ1988 የእንግሊዝ መንግሥት በቤት ዕቃ ውስጥ የሚሞላው ነገርና ጨርቁ እሳትን እንዲቋቋም የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በዘመናችን ደግሞ እሳት እንዲከላከሉ የሚጨመሩት ኬሚካሎች ራሳቸው ጤና ይጐዱ እንደሆነ ይመረመራል። ከ1495 እስከ 1988 ድረስ 493 ዓመት ነው። ላባው ወደ ስፖንጅ ተለውጧል፤ የሕጉ ዐሳብ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ገዥው ሊያየው የማይችለውን ነገር ሠሪው በኅሊናው ይጠብቅ፥ ኅሊና የሌለውንም ሕግ ይጠብቀው የሚል ነው።

ሴቶችና የቤት ማስጌጥ ሙያ

በዚህ ሙያ ታሪክ የሴቶች ድርሻ ብዙ ነው። መጋረጃና የትራስ ልብስ የሚሰፉት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ሲሆኑ፥ የሱቁ ስም ግን የወንድ ነበር። በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ይህ መለወጥ ጀመረ። በለንደን አግነስና ሮዳ ጋሬት የተባሉ የአጐትማማች ልጆች ሙያውን በሥርዓት ተምረው የራሳቸውን የቤት ማስጌጥ ድርጅት ከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1876ም ስለ ቤት ማስጌጥ መጽሐፍ አሳተሙ። በአሜሪካ ካንዳስ ዊለር የጨርቅ ንድፍ በማውጣት ታወቀች፤ በ1895ም የቤት ማስጌጥ ለሴቶች የሚሆን ሙያ ስለ መሆኑ ጽፋለች። ከእርስዋ በኋላ የመጣችው ኤልሲ ደ ዎልፍ በኒው ዮርክ በ1907 የተከፈተውን የሴቶች ክበብ አስጌጠች። በዚያ ዘመን የሀብታም ቤት በጨለማ ቀለምና በከባድ መጋረጃ የታፈነ ነበር፤ እርስዋ ግን ነጭ ቀለም፥ ቀላል ጨርቅና ብዙ ብርሃን አስገባች። ትምህርቷም ጌጥ ማለት ዕቃ ማብዛት አለመሆኑን የሚገልጽ ነው። በየሳሎኑ አንድ ሰው ማለፊያ እስኪያጣ ድረስ ወንበር ለሚደረድሩት ይህ ትምህርት ዛሬም ይጠቅማል።

በአገራችን

በአገራችን ታሪክ አልጋ የሚለው ቃል መኝታን ብቻ ሳይሆን መንግሥትን ያመለክታል። የነጋሢው ልጅ አልጋ ወራሽ ይባል የነበረው ስለዚህ ነው። ንጉሡ ምንጣፍና ትራስ በተነጠፈበት አልጋ ላይ ይቀመጥ ስለ ነበረ፥ መቀመጫውና ሥልጣኑ በአንድ ስም ተጠሩ። በሕዝቡም ቤት ቢሆን የመቀመጫ ሥርዓት ነበር። ከጭቃ የተሠራው መደብ ላይ ቁርበት ወይም ጀንዲ ይነጠፋል፤ ለተከበረ እንግዳ አጎዛ ይጨመርለታል። የማን እንግዳ በምን ላይ እንደሚቀመጥ እመቤቲቱ ሳትናገር በንጣፉ ትገልጸው ነበር።

የጠፍር አልጋ አሠራር በተለይ ሊጠና ይገባዋል። ከበሬ ቆዳ የተቈረጠው ጠፍር እርጥብ ሳለ በአልጋው እንጨት ላይ ወዲያና ወዲህ ተጠላልፎ ይወጠራል፤ ሲደርቅም እየጠበቀ ይሄድና የሰውን ክብደት እንደ ሞላ ይሸከማል። የአውሮፓ አልባሽ በወንበር ሥር የሚወጥረው የጥብጣብ መረብም ሥራው ይኸው ነው። እንግዲህ የዚህ ሙያ መሠረት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አያቶቻችን ያውቁት ነበር።

በሐረር ከተማ የጥንቱ ቤት ውስጡ በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ የተነጠፈ መቀመጫ ነው። ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መደቦች ነደባ ይባላሉ፤ እያንዳንዱም የተቀማጩ ማዕርግ አለው። ግድግዳው በስፌትና በሳሕን ይሞላል፥ ነደባው በምንጣፍና በትራስ ይሸፈናል። ወለሉ በቀይ አፈር የሚቀባው በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። የሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፍ፥ እነዚህ ቤቶችም ከከተማይቱ ክብር አንዱ ሆነው ተቈጥረዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀው የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ነው። በጎንደር ዘመን በዐሥራ ስምንተኛው ምዕት ዓመት ከውጭ በመጣ ሐር የተሠራ፥ ቁመቱ ከአምስት ሜትር የሚበልጥ መጋረጃ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በካርድ በሚሠራ የሽመና ዘዴ የተሠራ ሲሆን፥ ነገሥታትና ካህናት በክሩ ውስጥ ተሥለው ይታዩበታል። ወደዚያ የሄደው በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን መጋረጃ የሠሩት እጆች የእኛ አገር እጆች ነበሩ፤ የሠሪዎቹ ስም ግን አልቀረልንም።

ስማቸው ያልቀረበትም ምክንያት አለው። በአገራችን ሠራተኛ ሲናቅ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፥ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፥ ጥበብ የሚሠራው ሸማኔ ተብሎ ይሰደብ ነበር፤ ሰዳቢው ግን በጠይቡ ማረሻ ያርሳል፥ በፋቂው ቁርበት ይተኛል፥ የሸማኔውን ሸማ ይለብሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጁ። ዐዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ከአፋችን ቢቀንስም ንቀቱ ከልባችን ጨርሶ መውጣቱን ግን እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።

በቅርቡ ዘመን የቤት ማስጌጥ ሙያ ለአገር ክብር ምን ያህል እንደሚያገለግል ለማየት የአፍሪካ አዳራሽን መመልከት ይበቃል። ይህ አዳራሽ አርቱሮ ሜዜዲሚ በተባለው ኢጣልያዊ አርክቴክት ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የውስጡ ወንበርና ጠረጴዛ እንኳ በእርሱ ንድፍ የተሠራ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል የአዳራሹን መግቢያ በብርሃን ያለብሰዋል። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅትን ያቋቋሙት በዚህ ቤት ተቀምጠው ነው። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፍቷል። እድሳት የሚባለውን ሥራ ለመሥራት የቀድሞውን አሠራር የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋል፤ ያ እጅ ከሌለ ያለፈው ታሪክ አርጅቶ ይጣላል።

ሙያው የሚጠይቀው ዕውቀት

አንዳንድ ሰዎች ወንበር ማልበስ ጨርቅ ወጥሮ ምስማር መምታት ብቻ ይመስላቸዋል። በጥንቱ ሥርዓት የሚለብስ አንድ ወንበር ግን ብዙ ደረጃ አለው። መጀመሪያ በእንጨቱ ሥር ጠንካራ ጥብጣብ እንደ ሌማት ስፌት ተጠላልፎ ይወጠራል። በላዩ ሞላዎቹ ተሰፍተው ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ሞላ ከፊትና ከኋላ፥ ከግራና ከቀኝ፥ ከማዕዘንም ወደ ማዕዘን በስምንት አቅጣጫ በሲባጎ ይታሰራል። ከዚያ ጆንያ ይሸፈናል፥ የፈረስ ጭራ ይሞላል፥ ጠርዙ በረዥምና በቈልማማ መርፌ ይሰፋል፤ ቀጥሎ ጥጥና ነጭ ጨርቅ ይለብሳል። የምናየው ውብ ጨርቅ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ከሥራው ብዙው ክፍል ዐይን በማያየው ቦታ ያልቃል ማለት ነው።

ሒሳብም ያስፈልጋል። ለምሳሌ የስድስት ወንበሮችን መቀመጫ እናለብሳለን እንበል፤ ለእያንዳንዱ 60 ሳንቲሜትር በ60 ሳንቲሜትር ጨርቅ ይፈለጋል፤ የጨርቁ ወርድ 1 ሜትር ከ40 ነው። በወርዱ ሁለት ሁለት ስለሚወጣ ሦስት ረድፍ ይበቃል፤ ርዝመቱም 1 ሜትር ከ80 ይሆናል። ነገር ግን ጨርቁ በየ50 ሳንቲሜትር የሚደጋገም አበባ ቢኖረውና አበባው በሁሉም ወንበር በአንድ ቦታ እንዲውል ብንፈልግ፥ ሁለተኛው ረድፍ ከ1 ሜትር፥ ሦስተኛውም ከ2 ሜትር ላይ መጀመር አለበት፤ ስለዚህ 2 ሜትር ከ60 መግዛት ያስፈልጋል። ይህን ያላሰበ ሠራተኛ 80 ሳንቲሜትር ይጐድልበታል፤ ከሌላ ጥቅል ቢገዛ ደግሞ ቀለሙ ላይገጥምለት ይችላል። ከፋይ የሆነ እንደሆነም የጠጕሩ አተኛኘት ሁሉ ወደ አንድ ወገን መሆን አለበት፤ አለዚያ አንዱ ወንበር ደማቅ፥ አንዱ ደብዛዛ ሆኖ ይታያል። በክፍል ውስጥ «ይህ ትምህርት ለምን ይጠቅመናል?» እያልን የምንጠይቅበት ጂኦሜትሪ፥ ኬሚስትሪና ፊዚክስ በዚህ ሱቅ ውስጥ በየቀኑ ይሠራል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ ይህ ሙያ ጥንታዊና የተከበረ ነው፤ ንጉሥም ሆነ ድኻ ያለ እርሱ አያርፍም። ሁለተኛ፥ ሙያው ከእጅ ሥራ ጋር ዕውቀት ይፈልጋል፤ የተማረ ሰው ቢገባበት ትምህርቱ አይባክንም። ሦስተኛና ዋናው፥ ሙያው የታማኝነት ፈተና ነው። ጨርቁን በመቀስ ቀዶ ውስጡን የሚያይ ገዥ የለም። አሮጌ ጨርቅ ጐስጕሶ በአዲስ ከፋይ የሚሸፍን ሠራተኛ ዛሬ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ሶፋው በዓመቱ ሲጐደጕድ ግን የሚሰደበው እርሱ ብቻ ሳይሆን ሙያው ሁሉ ነው። ሰው የእጅ ሥራን የሚንቀው አንዳንድ ጊዜ ከትዕቢት፥ አንዳንድ ጊዜ ግን ተታልሎ ስለሚያውቅ ነው። ንቀቱን የምናጠፋው ሠራተኛን አትናቁ ብለን በመስበክ ብቻ አይደለም፤ የማይታየውን በደንብ በመሥራትም ነው።

ይህ ነገር ለሌላውም ሙያ ይሠራል። ሐኪም በሽተኛው በማያውቀው መድኃኒት ያክመዋል፤ መሐንዲስ ብረቱን በሲሚንቶ ውስጥ ይሰውረዋል፤ መምህርም በልጆች ልብ የሞላው ነገር የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሁላችንም ውስጡን ለማያይ ሰው የምንሠራ ነን።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ ከልጆቻችሁ አንዱ መዶሻና መርፌ ቢመርጥ ፊታችሁን አታዙሩበት፤ ይልቅስ ዕውቀቱን ጨምሮ እንዲሠራበት አበረታቱት። መምህሮቻችን ሆይ፥ አእምሮአችንን እንዳሠለጠናችሁት እጃችንም እንዲሠለጥን ምክራችሁ አይለየን። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፥ ነገ ቢሮ ገብተን በለበሰ ወንበር ላይ ስንቀመጥ፥ ከበታቻችን የማናየው የሰው ድካም እንዳለ እናስብ። የጠፍሩንና የሐሩን ጥበብ የሚያውቁ አረጋውያን ሳያልፉም እንጠይቃቸው፥ እንጻፍላቸው።

ይህን በዓሉን የሚያከብረውን ትምህርት ቤታችንን፥ መምህሮቻችንንና ወላጆቻችንን እግዚአብሔር ይባርክልን። እኛንም ውጭው ካማረ ይበቃል ከማለት ይጠብቀን።